የሊቃውንት ካባ በጸሓፊዎች ትከሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግንቦት ማለዳ፣ በፎገራ ሜዳ ከሚገኙት ቀበሌዎች በአንደኛው፣ በዋርካ ጥላ ሥር ለተሰበሰቡ ገበሬዎች ከበላይ የተላለፈ አንድ ደብዳቤ እንድናነብላቸው ታዘዝን። በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ፈጽመን በመዝገብ ቤት ጸሓፊነት የተቀጠርን አዲስ ሠራተኛ ነበርን፤ ድምፃችን ጎላ ይላል ተብሎም ንባብ በተገኘ ቁጥር የምንላከው እኛው ነበርን። ደብዳቤው ስለ ሩዝ አዘራር የሚናገር ነው። እንዲህ ይላል፦ «የአዘራር ወቅትንና የዘር መጠን ምጣኔን በተመለከተ፣ ከአካባቢያዊ ሥነ ምኅዳራዊ ተስማሚነት አኳያ ተገቢው ትኩረት ተሰጥቶት፣ ከሚጠበቀው የዝናብ ሥርጭት ተለዋዋጭነት አንጻርም አስፈላጊው ማስተካከያ ታክሎበት ወደ ተግባር እንዲገባ ይሁን።»

አንብበን ስንጨርስ ሸንጎው ጸጥ አለ። ከፊት ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡና «ልጄ፣ ደኅና አነበብህ፤ ድምፅህም ያምራል። ግን ዝራ ነው የሚለው፣ አትዝራ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ደብዳቤውን እንደገና ከላይ እስከ ታች ተመለከትነው። ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ማኅተም አለው፤ «ዝራ» ወይም «አትዝራ» የሚል ግን የለበትም። «አባቴ፣ ጠይቀን እንነግርዎታለን» ብለን ተመለስን።

ጠየቅንም። ያገኘነው መልስ «ይህ እኮ በሳይንሳዊ አጻጻፍ የተጻፈ ነው፤ ለሚገባው ሰው ግልጽ ነው» የሚል ነበር። የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ግን የነገረን አልተገኘም። በዚህ መካከል ቀኑ ሄደ። ከቀበሌው ሰው ከፊሉ እንደ ልማዱ በሰኔ መግቢያ ዘርቶ አረፈ፤ ከፊሉ ደግሞ «ይነግሩናል» ብሎ ጠበቀ። ክረምቱ ሲበረታ የርብ ወንዝ ከአፉ ወጥቶ በሜዳው ላይ ተኛ። ቀድሞ የተዘራው ቡቃያ ራሱን ከውሃው በላይ ይዞ ሲቆም፣ ዘግይቶ የተዘራው ገና ሳይጠና ሰጥሞ ቀረ። እኒያ የጠየቁን ሽማግሌ ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወረታ ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸውን ነፍገውን አያውቁም፤ ስለዚያ ነገርም አንድ ቀን እንኳ አንሥተውብን አያውቁም። ይህ ዝምታቸው ከወቀሳ ይልቅ ይከብደናል።

ይህን ታሪክ ያነሣነው አንድን መሥሪያ ቤት ለመክሰስ አይደለም። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ የማይወጣበት ቢሮ በአገራችን ጥቂት ነውና። ያነሣነው «ሳይንሳዊ አጻጻፍ» የሚለውን ቃል ለመሟገት ነው። በእኛ እምነት ያ ደብዳቤ ሳይንሳዊ አልነበረም። እንደ ዕለት ጽሑፍም አልነበረም። የሁለቱን ድክመት ብቻ የወረሰ፣ የሁለቱንም ብርታት ያጣ ሦስተኛ ነገር ነበር። ይህ ሦስተኛ ነገር በመሥሪያ ቤቶቻችን፣ በትምህርት ቤቶቻችን፣ አልፎ አልፎም በመጽሔቶቻችን እየሰፋ የሄደው የጥናት ጽሑፍ ከዕለት ጽሑፍ በምን እንደሚለይ ሳናውቅ፣ ልዩነቱ ቃልን በማክበድ ነው ብለን በማመናችን ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን እንመልከት። ሰው ለወንድሙ ሲጽፍ «ያቺ ላም ወልዳለች፤ ያንን ነገር ለእማማ ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለ ልጁ አታስብ» ቢል ይበቃዋል። የትኛዪቱ ላም እንደሆነች፣ ያ ነገር ምን እንደሆነ፣ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ወንድምዬው ያውቃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያልተጻፈው ከተጻፈው ይበልጣል፤ ውበቱም ያ ነው። የሚያነበው ሰው ጸሓፊውን ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ያምነዋል፤ ምስክር አይጠይቀውም። የዕለት ጽሑፍ ማለት በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የሚደረግ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ማጠሩ ጉድለት አይደለም፤ «እንደምን ሰነበትክ» ብሎ መጀመሩም ብክነት አይደለም።

የጥናት ጽሑፍ የሚጻፈው ግን ለማያውቀን ሰው ነው። ያ ሰው ሐዋሳ ወይም ካይሮ ተቀምጦ፣ ወይም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተወልዶ ያነበናል። ደግሞም አያምነንም፤ አለማመኑም ከክፋት የመጣ ሳይሆን ሥራው ነው። «ላሟ ወለደች» ብንለው «ምን ዐይነት ላም? የፎገራ ዘር ናት ወይስ ክልስ? በስንተኛ ዓመቷ? ስንት ላሞች አይታችሁ ነው? ቈጠራችሁ ወይስ ሰማችሁ?» ብሎ ይይዘናል። ስለዚህ የጥናት ጸሓፊ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳወቀው፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ዕውቀቱም ከየት ላይ እንደሚያቆም አብሮ መጻፍ አለበት። ጽሑፉ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚከብደውም፣ ከከበደ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ሊሆን ይገባዋል።

የቃሉንም ነገር ብንወስድ እንዲሁ ነው። የፎገራን ጥቁር መሬት ገበሬው ዋልካ ይለዋል። የአፈር ሊቅ ደግሞ ቨርቲሶል ይለዋል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ዋልካ እያለ ቨርቲሶል ማለት መመጻደቅ ነው» ይላሉ፤ እኛ ከእነርሱ ጋር አንስማማም። ሊቁ ቨርቲሶል ሲል ከመቶው ቢያንስ 30 እጁ ሸክላ የሆነ፣ ሲደርቅ በጥልቀት የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ አፈር ማለቱ ነው፤ መስፈርቱን ያላሟላውን ጥቁር አፈር ሁሉ በዚህ ስም አይጠራውም። ዋልካ የሚለው ቃል ያን ያህል ጥብቅ አጥር የለውም፤ አያስፈልገውምም፤ ገበሬው ዋልካውን በእግሩ ያውቀዋልና። እንግዲህ ቨርቲሶል በጥናት ወረቀት ላይ ሲጻፍ ሥራ ይሠራል። ይኸው ቃል ለገበሬ በሚነበብ ደብዳቤ ላይ ሲጻፍ ግን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ እንግዳ ይሆናል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ወደ ከባዱ ምሳሌ እንሂድ። በ1997 ዓ.ም. እኛ ገና ተማሪዎች ሳለን፣ ከፎገራ በስተ ሰሜን በሚዋሰነን በሊቦ ከምከም ወረዳና በእኛም አካባቢ አንድ ትኩሳት ብዙ ሰው ጣለ። ሆድ ያሳብጣል፤ ሥጋ ያከሳል፤ በወባ መድኃኒትም አልመለስ አለ። ሕዝቡ ወባ ነው አለ፤ ከሕክምናም በኩል መጀመሪያ የተገመተው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ግን በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ የአሸዋ ዝንብ በሚባል ደቃቅ ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል፣ ቀድሞ በዚያ አገር በወረርሽኝ የማይታወቅ በሽታ። ሰው «ወባ» በሚለው አንድ የዕለት ቃል ውስጥ ሁለት በሽታዎችን አጭቆ ሲሞት፣ ያዳነው ሁለቱን የለየው የሊቃውንት ጥንቃቄ ነው። የጥናት ጽሑፍን «ቃል ማወሳሰብ» እያለ የሚያናንቅ ሰው ካለ ይህን ያስብ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥናት ተደረገ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አጥኚዎቹ 171 ታማሚዎችን እያንዳንዳቸውን ከአንድ ጤነኛ ጋር አጣምረው አስተያዩ። ቀን ከግራር ዛፍ ሥር መተኛት፣ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር፣ ውሻ ማሳደር፣ እነዚህ ሦስቱ በበሽታው ከመያዝ አደጋ ጋር ተያይዘው ተገኙ። እዚህ ላይ አንባቢ ቃሉን ልብ ይበል፤ «ተያይዘው ተገኙ» ይላል እንጂ «አስያዙ» አይልም። ስለ ውሻው ሚና ገና ተጨማሪ ምርምር እንደሚያስፈልግም ጸሓፊዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። ይህን ነገር ከአንዱ ወደ አንዱ በሚተላለፍ የገበያ ወሬ ብንሰማው ኖሮ «በሽታውን የሚያመጣው ውሻ ነው» ተብሎ በማግስቱ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ባለቀ ነበር። ሊቁ «ይህን ያህል አውቃለሁ፤ ከዚህ በላይ አላውቅም» ብሎ ድንበር ማበጀቱ የውሻውን ነፍስ፣ ከውሻውም ጋር የሰውን ልቡና ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ያ ጥናት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የታተመውም በባሕር ማዶ መጽሔት ነው። እኛ በመዝገብ ቤት በቈየንባቸው ዓመታት የእርሱም ሆነ የመሰሎቹ ቅጂ፣ ወይም የአማርኛ አሳጥሮቱ፣ በእጃችን ሲገባ አላየንም። አንዲት እናት በዚያ ጥናት ምክንያት ማወቅ የሚገባት «ልጅሽን ቀን ከግራር ሥር አታስተኚው፤ ሌሊትም ውጭ አታሳድሪው» የሚለውን አንድ መስመር ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ፣ ማለት 171 ጥንዶችን የቈጠረው፣ ለዓለም ሊቃውንት ተገቢ ነው። ይህ አንድ መስመር ደግሞ ለእናቲቱ ተገቢ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካውም፤ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ወሬ ነው፤ መጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ግን ለእኛ አገር ሰው በሳጥን የተቈለፈ እህል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንመለስ። እኛ ጸሓፊዎች ከሊቃውንት የወሰድነው ምኑን ነው? ቈጠራውን አልወሰድንም። መመስከሩን አልወሰድንም። ድንበር ማበጀቱን አልወሰድንም። የወሰድነው ካባውን ነው፤ «ከዚህ አኳያ»ን፣ «ከዚያ አንጻር»ን፣ «ምጣኔ»ንና «ተለዋዋጭነት»ን። ካባ በሊቅ ትከሻ ላይ ሲሆን ከሥሩ ሰው እንዳለ ያስታውቃል፤ የእኛ ግን በምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ ካባ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

የጥናት ጸሓፊ «ናሙናው ተወሰደ፣ ተመዘነ» ብሎ አድራጊውን ሳይጠራ ቢጽፍ አድራጊው ማን እንደሆነ በጽሑፉ ራስ ላይ ስሙ አለ፤ ዘዴውም ተዘርዝሯል፤ የሚጠየቅ ሰው አለ። የእኛ ደብዳቤ «ትኩረት ተሰጥቶት ወደ ተግባር እንዲገባ ይሁን» ሲል ግን ትኩረት ሰጪው ማን ነው? አግቢውስ? እንዲሁም ሊቁ «ሊሆን ይችላል» ሲል የዕውቀቱን ወሰን ማሳየቱ ነው፤ እኛ «አስፈላጊው ማስተካከያ ታክሎበት» ስንል ግን መሸሸጊያ መቈፈራችን ነው። ገበሬው ዘርቶ ቢጠፋበት «ማስተካከያ አክል ብለነው ነበር» እንላለን፤ ሳይዘራ ቢቀርም «ወደ ተግባር እንዲገባ ብለን ነበር» እንላለን። በሁለቱም መንገድ እኛ እንድናለን። እውነቱን እንናገር ከተባለ የቃሉ ክብደት የሚመጣው ከዕውቀት ብዛት ሳይሆን ከፍርሃት ነው። ግልጽ የጻፈ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ሲሳሳትም ይታያል። ያልተገለጸ የጻፈ ሰው ግን ስሕተቱ እንኳ አይገኝበትም።

ሌላውን ነቅፈን ራሳችንን ነጻ ለማውጣት አንፈልግም። የዚያን ሩብ ዓመት ሪፖርት የጻፍነው እኛው ነን። «ለበርካታ አርሶ አደሮች ሰፊ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ በመሠራቱ አበረታች ውጤት ተመዝግቧል» ብለን ጻፍን፤ አለቃችንም አጻጻፋችንን አመሰገኑ። በዚያች ቀን ከዋርካው ሥር የተሰበሰበውን ሰው እኛ ቈጥረነዋል፤ 43 ነበር። «ግንቦት 20 ቀን 43 ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ደብዳቤው ተነበበላቸው፤ ዝሩ ይሁን አትዝሩ ስላልለየላቸው ጠየቁ፤ መልስ አልሰጠናቸውም» ብንል ኖሮ ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ይልቅ አጭር፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ለዕለት ጽሑፍ የቀረበ፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ሳይንሳዊ በሆነ ነበር። ቍጥር አለበት፤ ቀን አለበት፤ ያየነውን ካላየነው ለይቶ ይናገራል። ምናልባትም አንድ የበላይ ሰው ዐይኑን ጥሎበት መልሱን በጊዜ በላከልን ነበር። «አበረታች» ግን ማንንም ከወንበሩ አላስነሣም።

በዚያው ቀበሌ የምናውቃቸው አንዲት እመቤት ነበሩ፤ ፊደል አልቈጠሩም። ከጎተራው አጠገብ ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ በከሰል መስመር ያሰምሩ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የሩዝ ጆንያ አንድ መስመር። ከርጥቡ ማሳ የገባው በስተ ቀኝ፣ ከደረቁ ማሳ የገባው በስተ ግራ። የዘንድሮውን ካለፈው ዓመት በአግድም መስመር ለይተውታል። ብንጠይቃቸው «ከላይኛው ሁለት ጥማድ 14 ኩንታል፤ ከታችኛው ሁለት ጥማድ 9፤ ታችኛው ላይ ግን ከብት ገብቶበት ነበርና አልፈርድበትም» አሉን። አንባቢ ሆይ፣ ይህን «አልፈርድበትም» የሚለውን ቃል ልብ ብለው ይመልከቱት! ስንቱ የታተመ ጽሑፍ ነው ከብት ገብቶበት እንደነበር ሳይናገር ፍርዱን የሰጠ? እኒህ እመቤት ወረቀትም ሆነ ካባ ሳይኖራቸው የጥናት ጽሑፍን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ክርክር «አማርኛ ለምርምር አይመችም፤ ስለዚህ ወይ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው፣ ወይ አማርኛውን ማክበድ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ከወረታ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን ትንሽ ቢጓዙ ምነው? የጎንደር ሊቃውንት መጻሕፍቱን ሲተረጕሙ ንባቡ በግእዝ ነው፤ ትርጓሜው ግን በአማርኛ ነው። ትልቁ ምርምራችን የተካሄደው በሕዝቡ ቋንቋ ነው ማለት ነው። «አንድም» እያለ ሊቁ አንዱን ፍቺ ይሰጣል፤ እንደገና «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያቀርባል፤ የትኛው ከየት እንደመጣ ምሳሌና ታሪክ ያመጣል። የላይ ቤትና የታች ቤት ተባብለው በፍቺ ሲለያዩም ተማሪው የማንን ትርጓሜ እንደሚከተል ያውቃል። ይህ ምስክር መጥራት፣ አማራጭን መግለጥ፣ ምንጭን መለየት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ደብረ ታቦር ደግሞ የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ነበረች፤ የእርሳቸውን ታሪክ ደብተራ ዘነብ የጻፈው፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ዜና መዋዕሎች በግእዝ ሲጻፉ በቈዩበት አገር፣ በአማርኛ ነው። በቅርቡም ዘመን ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ ተመልሶ በነጋሪት ጋዜጣ ታውጇል፤ ዳኞቻችንም ሲፈርዱበት ኖረዋል። ስለ ውልና ስለ ውርስ ያን ያህል ረቂቅ ነገር የተሸከመ ቋንቋ ስለ ሩዝ ቡቃያ ለመናገር አቅም አነሰው ቢባል ማን ያምናል?

የፎገራ ሰው ስለሆንን የአለቃ ገብረ ሐናን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይሆንልንም። አለቃ የዚሁ የፎገራ አገር የናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ ናቸው። ኢትዮጵያዊ ሁሉ በቀልዳቸው ያውቃቸዋል፤ ሕፃን እንኳ አንዱን ጨዋታቸውን ይነግርሃል። ሊቃውንቱ ዘንድ ግን የቅኔና የትርጓሜ ሰው፣ ከሁሉም በላይ በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም ተብሎ የሚጠራውን ሥርዐት ያወጡ መምህር ናቸው፤ ይህ አቋቋም እስከ ዛሬ በደብረ ታቦር ይመሰከርበታል። እኒህ ሰው ከመቋሚያው ጋር ሲሆኑ የሚናገሩት ሌላ ነው፤ ከገበሬው ጋር በመንገድ ሲገናኙ የሚናገሩት ሌላ ነው። በመንገድ ላይ የአቋቋም ቃል ቢደረድሩ ኖሮ ማን ያስታውሳቸው ነበር? በማሕሌትም ቀልድ ብቻ ቢያወሩ ኖሮ ማን መምህር ይላቸው ነበር? አንድ ሰው ሁለቱን ሊይዝ እንደሚችል፣ የትኛው የት እንደሚነገር ማወቁም የሊቅነቱ ክፍል እንደሆነ የዚህ አገር ሰው ከፊተኞቹ የተማረው ነገር ነው።

ለምሁራኖቻችንም አንድ ቃል አለን። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ በሻጋና በጅግና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ርዳታ ተሞክሮ ነው። ያ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት፣ ከግጦሽና ከውሃው ሽሽት በኋላ ከሚዘራ ጓያና ሽምብራ በቀር ብዙ የማይጠበቅበት ሜዳ ዛሬ በሩዙ ይታወቃል፤ ወረታም የሩዝ ንግድና የመፈተጊያ ከተማ ሆናለች። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚችው ከተማ ይገኛል። ለዘሮቹ ስም ሲያወጡ እንኳ ምሁራኑ ጉማራ፣ ቆኪት፣ ሻጋ እያሉ የአገሩን ወንዝና መንደር ስም ሰጥተዋቸዋል፤ በዚህ እናመሰግናቸዋለን። በስፋት የተዘራው ዘር ግን «ኤክስ ጅግና» ይባላል፤ ከስሙ ግማሹ የባዕድ ፊደል፣ ግማሹ የእኛ ነው። ስለ ሜዳው የተጻፈውም ጽሑፍ እንዲሁ ሆነና፣ መሬቱና ላቡ የእኛ፣ ፊደሉ የሰው ነው። ስለ ፎገራ ሩዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በየዓመቱ ይመጣል፤ ጥያቄውን በአማርኛ ይጠይቃል፤ መልሱን በአማርኛ ይቀበላል፤ ቡናም ይጠጣል፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይጽፈውና ይመረቅበታል። የጠየቀው ገበሬ ግን «ያ ልጅ ያ ነገር ምን ደረሰለት?» እያለ ይኖራል።

በእንግሊዝኛ አይጻፍ አንልም። የእስያ የሩዝ ሊቅ የፎገራን ሥራ የሚያነበው፣ እኛም የእርሱን የምናነበው በዚያ ቋንቋ ነው፤ ይህን በር መዝጋት ራስን ማስራብ ነው። የምንለው፣ ከገበሬው አፍ የተሰበሰበ ነገር ሁሉ ወደ ገበሬው ደጅ የሚመለስበት ሁለት ገጽ አማርኛ ይኑረው፤ ያንንም የሚጽፈው ተርጓሚ ሳይሆን ያጠናው ሰው ራሱ ይሁን ነው። ጥማድን በሔክታር ሳይሆን በጥማድ፣ ወሩን በሰኔና በሐምሌ፣ አፈሩን በዋልካ ይጻፍ። ባላወቀውም ቦታ «ይህን አላረጋገጥንም» ይበል፤ ገበሬ «አላውቅም» የሚለውን ሰው አይንቅም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ያምነዋል።

መምህራንንም እንለምናለን። ተማሪ ድርሰት ሲጽፍ «በአሁኑ ወቅት ዓለማችን በከፍተኛ ፍጥነት እየተለወጠች በምትገኝበት ሁኔታ» ብሎ ስለጀመረ ብቻ ነጥብ አይሰጠው። እኛም እንዲያ ስንጽፍ ተጨብጭቦልን ነው የተበላሸነው። ይልቅስ «ከቤትህ እስከ ትምህርት ቤት ስንት ዛፍ አለ? እንዴት ቈጠርኸው? የትኛውን ዛፍ አልከው፣ የትኛውን ቍጥቋጦ?» ተብሎ ይጠየቅ። ይህን በሦስት መስመር መመለስ የቻለ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የጥናት ጽሑፍ አዲስ አይሆንበትም፤ መዝገብ ቤትም ቢገባ 43ቱን ሰዎች «በርካታ» አይላቸውም።

«ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፈ ጸሓፊ ስለ ሊቃውንት አጻጻፍ ምን አገባው?» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። ከዚህ በፊትም በቃል ተብለናል። መልሳችን አጭር ነው፤ ሊቃውንቱ የጻፉትን በዋርካ ሥር የምናነበው እኛ ነን፤ ጥያቄውም የሚመጣው ወደ እኛ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ያንን ደብዳቤ እኛ በበኩላችን እንደገና ጽፈነው ነበር። «ዘንድሮ ሩዝ ሰኔ ሳይጋመስ ዝሩ። ከወንዙ ዳር ያለው ማሳ ይቅደም፤ ውሃው ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነውና። ይህን የምንለው ያለፉት ዓመታት ጎርፍ በሐምሌ ስለመጣ ነው። የዘንድሮው ቢለይ አናውቅም፤ ካያችሁ ላኩብን።» አምስት ዐረፍተ ነገር አይሞላም። የሚመለከታቸው ሰው አንብበው «ይሄ የቢሮ ደብዳቤ አይመስልም» አሉና መለሱልን።

በዚህ ሐሳባችን የማይስማማ፣ ምሁርም ይሁን ሹም፣ ብዕሩን ያንሣና ይሞግተን፤ በዚሁ መጽሔት እንጠብቀዋለን። ሲጽፍልን ግን በመጀመሪያ ያንን የግንቦት ደብዳቤ ያንብብልን፤ ቅጂው በእጃችን አለ። ዝራ ነው የሚለው፣ አትዝራ? ሽማግሌው በሕይወት አሉ፤ በገበያ ቀንም ወረታ ይወጣሉ።